ነገርን ከሥሩ፣ እርጥበትን ከወለሉ

እኛ የአዲስ አበባ ተከራዮች ቤት ስናይ ወደ ላይ ነው የምናየው። ኮርኒሱ ጅብሰም ነው? ቀለሙ አዲስ ነው? ቆጣሪው የግል ነው? ወለሉ ጋ ስንደርስ ግን ደላላው “ሴራሚክ ነው” ካለን በቃን። ነገሩ የሚገባን ክረምት ሲገባ ነው። ዞኮሎው አጠገብ ቀለሙ ይላጣል፣ ፍራሹ ከሥሩ ይጠቁራል፣ አልጋ ሥር የተቀመጠው ጫማ ይሻግታል። አቤት ስንል ደግሞ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል፤ “መስኮት ስለማትከፍቱ ነው!”

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ከወለል የሚነሳ እርጥበት የተከራይ ዓመል ሳይሆን የግንባታ ጉድለት ነው። ቀለምም አያድነውም።

በየድሮው ግቢ ዛሬ “ሰርቪስ” እየተባሉ ከሚከራዩት ክፍሎች ብዙዎቹ ለሰው አልተሠሩም። ጋጣ፣ ማድ ቤት ወይም የእህል ማስቀመጫ ነበሩ። ግድግዳቸው ባሕር ዛፍና ጭቃ፣ ወለላቸው አፈር ነበር። አፈሩ እርጥበቱን መልሶ ይተነፍሰው ነበር። በኋላ ግን ኮንክሪት በቀጥታ አፈሩ ላይ ፈሰሰ፣ ሊሾ ሆነ፣ ከላዩ ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጠፈበት። ይህንንም “ማሻሻል” አልነው።

ኮንክሪት ድንጋይ ቢመስልም በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ከሥሩ ያለውን ውሃ ይስባል። ከላይ በፕላስቲክ ሲታፈን ውሃው አይጠፋም፤ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ግድግዳው ደግሞ በሲሚንቶ ከተለሰነ መውጫ ያጣና የባሕር ዛፉን እግር ያበሰብሳል። ከዚያ ቤቱ ሲያዘነብል “ጭቃ ቤት መች ይበረክታል?” እንላለን። ጥፋቱ የሲሚንቶው፣ ስሙ የጭቃው! ቦታው ጋጣ ከነበረ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከብት የዋለበት ግድግዳ ጨው ይቋጥራል፣ ጨው ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ እድፉ እየተመላለሰ ይወጣል።

ጭቅጭቁን በመረጃ መፍታት ይቻላል። 45 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ አድርገን ዙሪያውን በፕላስተር እናሽገው፣ ቢያንስ 16 ሰዓት እንተወው። ከላስቲኩ ሥር ጠብታ ከታየ ወይም ወለሉ ከጠቆረ እርጥበቱ ከታች ነው። ጠብታው ከላስቲኩ በላይ ከሆነ ግን ትንፋሻችንና ድስታችን ነው፤ ያኔ አከራይዋ እውነታቸውን ነው፣ መስኮቱን እንክፈት።

ጥገናው የሚጀምረው ከደጅ ነው። አሸንዳው ውሃውን ከግድግዳው ያርቅ፤ ቦይ ይቆፈር፤ ከቤቱ ወለል በላይ ከፍ ያለ የደጅ አፈር ይነሳ። ይህ ርካሹ ሥራ ብቻውን ብዙ ቤት ያደርቃል። ካልበቃ ወለሉ ይነሳል፦ ድንጋይና ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ መጋጠሚያው በደንብ የተደራረበና ጠርዙ ግድግዳው ላይ ወጣ ያለ ወፍራም ላስቲክ፣ ከዚያ ኮንክሪት። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። የድሮ ቤት መሠረት ጥልቅ ስላልሆነ ከእሱ በታች መቆፈር ቤቱን መናድ ነው። ደግሞም 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ለመድረቅ ከሦስት ወር በላይ ይፈልጋል፤ በሳምንቱ ምንጣፍ ማልበስ ውሃውን ማሰር ነው። ለጭቃው ግድግዳ ደግሞ ከሲሚንቶ ይልቅ ጭቃና ኖራ ይሻለዋል።

“ለእርጥበት ይህ ሁሉ?” የሚል አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 (እንደ አውሮፓውያን) ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች ጋር እንደሚያያዝ አስፍሯል። በ2020 እንግሊዝ አገር ሮችዴል ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። በ2022 የሞት መርማሪዋ ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡ መሆኑን ተናገሩ። ቤተሰቡ አቤት ብሎ ነበር፤ ሻጋታው ግን ከአኗኗራቸው እንደመጣ ተቆጥሮ ነበር። “መስኮት ስለማትከፍቱ ነው” የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለችም ማለት ነው። እዚያ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች አደገኛ ሻጋታን በተወሰነ ቀን እንዲጠግኑ የሚያስገድድ ሕግ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

እኛም አገር የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። እኛ ግን ስለ አዋጁ ስናወራ የምናወራው ስለ ዋጋው ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ክረምት ነው! እንግዲያውስ ከመፈረማችን በፊት ስለ ወለሉ እንጠይቅ፣ የጥገናውን ኃላፊነት ውሉ ላይ እናስፍር፤ አከራይ አቅም ካጠራቸው እኛ አሠርተን ከኪራዩ ይታሰብልን። ቤቱም ይተርፋል፣ ሳንባችንም ይተርፋል።

ለዚህ ሁሉ መነሻው ግን ቀላል ነው፤ ደላላው ኮርኒሱን ሲያሳየን እኛ ጎንበስ እንበል።