የድንቹ «መድኃኒት» እና የነፍሰ ጡሯ ጥያቄ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው፤ ታገሱኝ።

አረቅጥ አካባቢ ድንች ላይ የሚረጨውን ኬሚካል ማንም «ኬሚካል» አይለውም። «መድኃኒት» ነው የሚባለው። በሌላውም የአገራችን ክፍል እንደዚያው ነው። ቃሉ እኔን ያስጨንቀኛል፤ መድኃኒት የተባለን ነገር ሰው አይፈራውማ! በባዶ እጁ ይበጠብጠዋል፣ ባዶ ዕቃውን ለዘይት ያስቀምጠዋል።

ነፍሰ ጡር እናቶችም የሚጠይቁኝ በዚሁ ቃል ነው። «ዶክተር፣ ባለቤቴ መድኃኒት ሲረጭ ውኃ የማቀርብለት እኔ ነኝ፣ ልብሱንም አጥባለሁ። ለጽንሱ ችግር አለው?» «ራቅ በይ እህቴ» እላለሁ። ይህን ለማለት ብዙ መማር አያስፈልግም። ከባዱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ የትኛው ኬሚካል? ምን ያህል? በስንተኛው ወር? እዚህ ላይ ነው እኛ ሐኪሞች የምንቸገረው፤ የምንመልሰው ሌላ አገር የተሠራ ምርመራ ባገኘው ልክ ነውና።

አንዱን እንውሰድ። የድንች ቅጠል እያጠቆረ የሚያደርቀውን በሽታ ለመከላከል ገበሬው ከሚረጫቸው አንዱ ማንኮዜብ ነው። ብቻውን ይሸጣል፤ ሪዶሚል ጎልድ ኤምዜድ በሚባለው ውስጥም ከሌላ ኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 መጨረሻ ላይ (እንደ ፈረንጆቹ) የማንኮዜብን ፈቃድ አላድስም ብሏል። ከምክንያቶቹ መካከል ጽንስን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ መመደቡና ሆርሞን ማዛባቱ ይገኙበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኮዜብ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ኢቲዩ ወደሚባል ሌላ ኬሚካል ይለወጣል። ኢቲዩ ደግሞ አንገታችን ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ፣ ያንን ሲያብጥ እንቅርት የምንለውን፣ ሆርሞን እንዳያመርት ያዳክመዋል። የጽንሱ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድገው ከእናቱ በሚያገኘው የታይሮይድ ሆርሞን ነው። የእኛ ደጋ እናቶች ደግሞ ድሮም የአዮዲን እጥረት ያለባቸው ናቸው፤ እንቅርት አገራችን ላይ እንግዳ አይደለም። አዮዲን ያነሳት እናት ላይ ኢቲዩ ሲጨመርስ? በደንብ እየተቀለበች የተመረመረች የላብራቶሪ አይጥ ይህን አትነግረንም።

እስከ ዛሬ አንድ ኬሚካል መውለድን ወይም ጽንስን ይጎዳ እንደሆነ በዋናነት የሚታየው በአይጥና በጥንቸል ነው። ሁለት ትውልድ የሚከታተለው ምርመራ ብቻ፣ ግልገሎቹ ሲቆጠሩ፣ ለአንድ ኬሚካል ከሁለት ሺህ በላይ አይጦች ይፈጃል፤ ከአንድ ዓመት በላይም ይወስዳል። በ2011 የጸደቀው አዲሱ ዘዴ ቁጥሩን በብዙ ቢቀንሰውም አሁንም ከሺህ በላይ ነው። በዚህ አካሄድ ገበያ ላይ ያለው ኬሚካል ሁሉ ተመርምሮ አያልቅም። እኛ አገር ሊሠራማ ጨርሶ አይታሰብም።

ወጪው ይቅርና፣ አይጥ ሁልጊዜ ሰውን አትመስልም። ታሊዶማይድ የሚባለውን መድኃኒት የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከ1957 እስከ 1961 (እ.ኤ.አ.) ጀርመንና ሌሎች አገሮች ውስጥ ለእርግዝና ማቅለሽለሽ ጭምር ተሰጠ፤ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ ተብሎ ይገመታል። ያኔ እርጉዝ እንስሳት ላይ በወጉ አልተመረመረም ነበር። በኋላ ሲመረመር ግን ጥንቸልና ዝንጀሮ ላይ ጉዳቱ ታየ፤ አይጥ ላይ ያ የእጅና የእግር ጉድለት አልታየም። ምክንያቱ የተገለጠው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፦ መድኃኒቱ የሚያዝበት ሴረብሎን የተባለ ፕሮቲን በሰውና በአይጥ መካከል ወሳኙ ቦታ ላይ በአንዲት ቅንጣት ይለያያል። በ2018 የወጡ ጥናቶች ደግሞ መድኃኒቱ በሰው ሴል ውስጥ ለእጅና እግር አፈጣጠር የሚያስፈልግ ሌላ ፕሮቲን እንደሚያጠፋ አሳዩ። ልብ በሉ፣ አይጧ የደበቀችውን የሰው ሴል ሳህን ላይ ሆኖ ተናገረ።

ያለ እንስሳ መመርመር ስል ይህንን ነው። ከሰው የተወሰደ ሴል ላይ ኬሚካሉ ይጨመርና የወንድና የሴት ሆርሞን ማምረቱን ቀነሰ ወይስ ጨመረ ተብሎ ይለካል፤ ይህ ዘዴ ከ2011 ጀምሮ ዓለም አቀፍ መመሪያ አለው። ሌላው ደግሞ ከዓመታት በፊት ከአይጥ ሽል ተወስደው ላብራቶሪ ውስጥ ሲራቡ የኖሩ ሴሎችን ይጠቀማል። ሴሎቹ አድገው የልብ ሴል ሲሆኑ በማይክሮስኮፕ ሲመቱ ይታያሉ። ኬሚካሉ ሲጨመር መምታት ካልጀመሩ ጽንስ ላይ የሚያሰጋ ነገር አለ ማለት ነው። (ይህን በቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩት፤ ያስደምማል።) ውጤቱ በቀናት ወይም በሳምንታት ይደርሳል።

«ሳህን ላይ ያለ ሴል እንዴት ታምናለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ፋርማሲ የምትገዙትን የእርግዝና መመርመሪያ ታምኑት የለ? እሱ ከመምጣቱ በፊት የሴትየዋን ሽንት እንቁራሪት ላይ ይወጉና እንቁላል ጣለች አልጣለችም ብለው ይጠብቁ ነበር። ዛሬ እንቁራሪት ይምጣልኝ የሚል የለም።

ጥርጣሬው ግን ባዶ አይደለም። ማንኮዜብን ራሱን ተመልከቱ። ሳህን ላይ ያለው ሴል ጉበት የለውም፤ ማንኮዜቡን ወደ ኢቲዩ የሚለውጥለት ከሌለ ትልቁን ጉዳት ሳያይ «ሰላም ነው» ሊል ይችላል። ኢቲዩን ለብቻው፣ የታይሮይድ ሆርሞን በሚሠራው ኤንዛይም ላይ ስንሞክረው ግን ኤንዛይሙን ሲያግድ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ አንድ ምርመራ አይበቃም፤ ብዙ ሆነው ተደጋግፈው ነው የሚሠሩት። የእንግዴ ልጅንና ጽንሱን በሙሉ የሚተካ ሳህን ገና ስለሌለ፣ እንስሳ ላይ የሚደረገው ዛሬውኑ ይቁም አልልም።

የእኔ አቋም ግን ይህ ነው፦ ነገሩን የፈረንጅ የእንስሳት ፍቅር አድርገን አንለፈው። ለእኛ የነፍሰ ጡር ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ማንኛውም ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ ይደነግጋል፤ መዝጋቢው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ በአይጥ ውጤት ላይ ሳይወሰን የሰው ሴል ምርመራ ውጤትንም ከአስመጪው ቢጠይቅ የሚከብድ አይመስለኝም፤ ለብዙዎቹ ኬሚካሎች ሌላ አገር ተሠርቶ የተቀመጠ አለ። ከዚያም በላይ፣ ጉብሬ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ላብራቶሪዎች ጋር ሆኖ ገበሬው በርጭት ቀን የሚቀላቅለውን፣ ሁለት ሦስት ዓይነት አንድ መርጫ ውስጥ የሚጨምረውን ድብልቅ፣ ሴል ላይ ቢመረምርልንስ? ያንን ድብልቅ የትኛውም ኩባንያ አይጥ ላይ አይሞክርልንም። ሴል የሚያሳድግ ላብራቶሪ ርካሽ ነው አልልም፤ ሁለት ሺህ አይጥ ከማርባት ግን በእጅጉ ይቀላል።

ያ እስኪሆን ድረስ ነፍሰ ጡር ከርጭት ትራቅ። አትበጥብጥ፣ ውኃም አታቅርብ፣ በተረጨበት ቀን ማሳ ውስጥ አትግባ። የረጨበትን ልብስ ባልየው ራሱ፣ ከሌላው ልብስ ለይቶ ይጠበው፤ ነውር የለውም። ባዶ ዕቃው ለውኃም ለዘይትም አይሆንም፤ ይበሳ። ጨው አዮዲን ያለበት ይሁን፣ ተከድኖ ይቀመጥ፣ ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ ይጨመር።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለመስቀል ስትገቡ «የድንች መድኃኒት» ገዝታችሁ የምትወስዱ ወንድሞቼ፣ ጓንትና ቦት ጫማም አብራችሁ ያዙ፤ እሽጉ ላይ የተጻፈውን ለአባትና ለእናት አንብቡላቸው። እርጉዝ ሆና ኬሚካሉ የነካት ካለች ደግሞ ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ የእሽጉን ፎቶ በስልክ ይዛ ትምጣ። ስሙን ሳናውቅ የምንሰጠው ምክር ግምት ነው።