የድሪል ባትሪ ስልክ ቻርጅ ሲያደርግ ሂሳቡ የማን ነው?

ከከተማ ርቆ በሚገኝ የግንባታ ሳይት ማታ ላይ ከእራት ቀጥሎ የሚፈለገው ነገር ቻርጅ ነው። ጄኔሬተሩ የቀኑ ሥራ ሲያበቃ ይጠፋል። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኃይሉ በየሰፈሩ እንዲደርስ ግን ገና ብዙ ምሰሶና ሽቦ ያስፈልጋል። ያንን ምሰሶ የሚተክሉት ሠራተኞች ራሳቸው ብዙ ጊዜ የሚያድሩት መብራት በሌለበት ነው። መንገድ የሚሠራውም፣ የቴሌኮም ማማ የሚያቆመውም፣ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍረውም ያው ነው።

ለዚህ ችግር አንድ ቀላል ብልሃት አለ። ቀን ድሪልና ግራይንደር ያሠራ የነበረውን ባትሪ ማታ ነቅሎ፣ የዩኤስቢ አዳፕተር ሰክቶበት ስልክ ቻርጅ ማድረግ። አዳፕተሩ የባትሪውን ቮልት ስልክ ወደሚችለው 5 ቮልት ያወርደዋል፤ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ነገሩ ተራ ይመስላል። ግን ልብ በሉ፣ ባትሪው የድርጅቱ ንብረት ነው፣ ስልኩ የሠራተኛው ነው፣ ባትሪው ሲሞት ደግሞ የሚጠየቀው ፈርሞ የተረከበው ሰው ነው። ጥቅሙን ሁሉም ይካፈላል፣ ኪሳራው በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል። እኔ የምለው አጭር ነው፦ ብልሃቱ አዋጭ ነው፤ በድብቅ መሆኑ ቀርቶ በአሠሪው ፈቃድና ወጪ ይሁን።

ቁጥሩ ምን ይላል?

18 ቮልት የሚባለው ባትሪ ውስጥ እያንዳንዳቸው 3.6 ቮልት የሆኑ የሊቲየም ሴሎች አምስት በተከታታይ ተያይዘዋል። 20 ቮልት ተብሎ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያው ነው፤ የተጻፈበት ሙሉ ሲሆን የሚለካው ነው። ባለ 4 አምፒር ሰዓቱን ብንወስድ 18 ሲባዛ በ4፣ 72 ዋት ሰዓት ይይዛል። 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ስልክ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ቮልቱን ዝቅ በማድረግና በሙቀት ሩብ ያህሉ ይባክናል ብንል እንኳ ሦስት ስልክ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ባለ 2 አምፒር ሰዓቷ ትንሿ ባትሪ ግን አንድ ስልክ ተኩል ብትሞላ ነው።

«ታዲያ ፓወር ባንክ አይሻልም?» ትሉ ይሆናል። ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ በመጠን እኩል ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ሲሞሉ ነው። ፓወር ባንኩን በተለመደው ባለ 10 ዋት ቻርጀር ለመሙላት ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጃል። የድሪሉን ባትሪ ግን ፈጣን ቻርጀር ካለው አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ሳይት ላይ ጄኔሬተር የሚነሳው ሚክሰር ወይም ብየዳ ሲኖር ነው፤ ያቺን አንድ ሰዓት የሚጠቀምባት የድሪሉ ባትሪ ነው። ለስልክ ብቻ ጄኔሬተር ማታ ማስነሳት ደግሞ ነዳጅ ማቃጠል ነው፤ ሞተሩ ጫና ባይኖርበትም ይጠጣል። ቀን ለሥራ በተነሳ ጄኔሬተር የሞላ ባትሪ ማታውን ከሸፈነ፣ የተረፈውን ኃይል ወደሚፈለግበት ሰዓት አሻገርን ማለት ነው።

ነፃ ግን አይደለም

የኤሌክትሪኩ ዋጋ እዚህ ግባ አይባልም፤ ባትሪውን ለመሙላት ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሄድ ነው። የሚያልቀው የባትሪው ዕድሜ ነው። እንዲህ እናስላ፦ ባትሪው 6,000 ብር ተገዛ፣ 500 ጊዜ ሞልቶ እስኪጨርስ ድረስ በደንብ አገለገለ እንበል። አንዱ ዙር 12 ብር፣ ለሦስት ስልክ ሲካፈል በስልክ 4 ብር ይመጣል። ቅርብ ወዳለው ከተማ በእግር ሄዶ፣ ሱቅ ውስጥ ከፍሎ፣ ስልክን ትቶ ከመጠበቅ ጋር ካወዳደርነው ርካሽ ነው።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። የሊቲየም ሴል ከ2.5 ቮልት ገደማ በታች ከወረደ ይጎዳል። በብዙ ብራንዶች ይህንን ተከታትሎ የሚያቋርጠው ድሪሉ ነው እንጂ ባትሪው ራሱ አይደለም። ርካሽ አዳፕተር ደግሞ የሚቆጣጠርበት ነገር ስለሌለው መምጠጡን ይቀጥላል፤ ስልኩ ተነቅሎ እንኳ የአዳፕተሯ ትንሽ መብራት ባትሪውን ቀስ በቀስ ታወርደዋለች። ጠዋት ቻርጀር ላይ ሲያደርጉት አልቀበልም ይላል። በእኛ ስሌት ይህ የ1,500 ስልክ ቻርጅ ሂሳብ በአንድ ሌሊት ሄደ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ባትሪ መተካት ቀላል ወጪ አይደለም።

ሕጉ ለማን ያደላል?

ስልክ የግል ጉዳይ ነው የሚል አሠሪ ይኖራል። ፎርማኑ ትዕዛዝ በቴሌግራም የሚልክ፣ የሥራው ፎቶ በስልክ የሚላክ፣ የቀን ሂሳብ በቴሌብር የሚገባ ከሆነ ግን የሠራተኛው ስልክ እንደ አካፋው የሥራ ዕቃ ሆኗል። ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ስልኩ የጠፋበት ሠራተኛ ኪሱ እንደተዘጋ ቁጠሩት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ለሥራው የሚያስፈልጉ መሣሪያዎችንና ቁሳቁሶችን አሠሪው እንዲያቀርብ ያዛል። አዋጁ «ቻርጅ» የሚል ቃል የለውም፤ እኔ ግን መንፈሱ እዚህ ድረስ ይደርሳል ባይ ነኝ።

ባትሪ ሞተ ተብሎ ደመወዝ ላይ እጅ መስደድም እንዲሁ በዘፈቀደ አይቻልም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ፣ አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ይህንን የሚያውቅ የቀን ሠራተኛ ስንት ነው?

ኮንትራክተሩም እውነት አለው። ጠዋት ባትሪው ባዶ ሆኖ ቢገኝ ሥራ ይቆማል። መፍትሔው ያረጀውን ባትሪ ለስልክ መመደብ ነው። ግራይንደር በመቶዎች የሚቆጠር ዋት በአንዴ ይስባል፤ ያረጀ ባትሪ እዚያ ላይ ይደክማል። ስልክ ግን 10 ወይም 20 ዋት ነው የሚፈልገው። ለድሪል አልሆን ያለ ባትሪ ለስልክ ገና ብዙ ወር ያገለግላል። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ያለቅጥ የሚሞቅ ከሆነ ግን አይነካ።

የቀረው የአዳፕተር ምርጫ ነው። አውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ስልኮች በሙሉ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ እንዲያደርጉ አስገድዷል። የድሪል ባትሪዎች ግን አሁንም በአብዛኛው እንደየብራንዳቸው መሰኪያቸው ይለያያል፤ የአንዱ አዳፕተር ለሌላው አይገባም። ስለዚህ ከባትሪው ብራንድ ጋር የሚሄድና ቮልት ሲወርድ ራሱ የሚያቋርጥ ፈልጉ። ከሌለው ደግሞ የባትሪው መብራት አንድ ሲቀረው ንቀሉት፤ ሰክታችሁ አትተኙ። ሽቦ ቀጥታ ከባትሪው ወደ ስልክ ማገናኘት ስልኩን ማቃጠል ነው።

ሳይት ላይ የምትሠሩ ከሆነ ነገ ፎርማኑን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ለስልክ የሚሆን አሮጌ ባትሪ የትኛው ነው? ቢበላሽስ በማን ስም ይመዘገባል? መልሱ በንብረት መዝገቡ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። ባትሪው ከመሞቱ በፊት ማለቴ ነው።