የተጠባባቂነት ጥያቄ የግል ጥያቄ አይደለም

በየዓመቱ የቅበላ ውጤት በሚሰማበት ወቅት፣ በጅዳና በመካ ከምንገኘው ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች መካከል የአንዳንዶቹ ፊት ሲጠቁር እናያለን። ለንግድ ሥራ አመራር ትምህርት አመልክተው ነበር፤ ተቀብለናችኋል አልተባሉም፣ አልተቀበልናችሁምም አልተባሉም፤ በተጠባባቂነት ተመዝግበዋል። ሲጠየቁ «ገና ነው» ይላሉ፤ ከዚያም ከስብሰባችን ይጠፋሉ። ይህ ኀፍረት ከየት መጣ?

ተጠባባቂነት ፍርድ አይደለም። ማንኛውም ትምህርት ቤት ከተቀበላቸው ውስጥ ስንቱ እንደሚመጡ አስቀድሞ ማወቅ ስለማይችል፣ የሚጎድለውን ለመሙላት ብቁ ያላቸውን ያቆያል። ዝርዝሩም ብዙውን ጊዜ እንደ ዳቦ ሰልፍ በተራ አይሄድም፤ የሚጠራው እንደ ጎደለው ዓይነት ነው። ስለዚህ የተጠባባቂው ተግባር ግልጽ ነው። ቦታውን አሁንም እንደሚፈልግ በአጭር ደብዳቤ ያሳውቅ፤ ካመለከተ ወዲህ ያገኘው የፈተና ውጤት ወይም የሥራ ልምድ ቢኖር ይጨምር፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አይነዝንዝ። ሁለተኛ ምርጫውንም አይጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ተመሥርቶ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የሚናቅ በር አይደለም። «ቦታ አስገኝልሃለሁ» ለሚል ደላላ አንድ ሪያል አይስጥ። ከሁሉም በላይ ኢቃማውን ይጠብቅ፤ ተስፋ ሲቆጥር የመኖሪያ ፈቃዱ ያለፈበት ሰው ቢጠራም መግባቱ ያጠራጥራል።

ነገር ግን የጥያቄው ዋና ክፍል ያለው በተጠባባቂው እጅ ሳይሆን ቦታ ባገኘነው በእኛ እጅ ነው። ከእኛ መካከል ሁለት የመቀበያ ደብዳቤ ይዘን፣ «ምናልባት» እያልን እስከ መጨረሻው ቀን በመሳቢያ የቆለፍን አለን። አንዱ ከጅዳው የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ከመካው ኡም አልቁራ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የሐረመይን ባቡር ያገናኛቸዋል። ለሙስሊሙ ተማሪ ሁለቱም አማራጭ ናቸው። ለክርስቲያኑ ግን መካ ዝግ ከተማ ናት፤ ያለው ጅዳ ብቻ ነው። የማንፈልገውን የጅዳ ወንበር ይዘን ስንቀመጥ ማንን ደጅ እንደምናቆም እንወቅ!

«የምንለቀው ቦታ ለኢትዮጵያዊ መድረሱ በምን ይታወቃል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ለሱዳናዊው ወይም ለየመናዊው ሊደርስ ይችላል። ታዲያ እርሱስ እንደ እኛ ከአገሩ ርቆ የሚማር አይደለምን? ያልተለቀቀ ቦታ ግን ለማንም አይደርስም። የጅዳው ዩኒቨርሲቲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲቋቋም የቆመው በባለሀብቶች መዋጮ ነበር፤ ወደ መንግሥት የተዛወረው በኋላ ነው። ብዙ እጅ አዋጥቶ ባቆመው ቤት ውስጥ ንፍገት አያምርብንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የወሰነ ሁሉ የማይፈልገውን ቦታ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ይልቀቅ። ሁለተኛ፣ የሚጠባበቅ ሁሉ ሳያፍር ለኅብረቱ ይንገር፤ ደብዳቤውን አብረን እናርም፣ የኢቃማውን ቀን አብረን እንቁጠር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ መጠበቅንም ተካፍለን እንሸከመው!