ገንዘብ የሚቆጠበው ሃምሳው ላይ ነው

ፎቶ ማንሳት የጀመሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «50 ሚሊ ሌንስ ልገዛ ነው፤ ርካሹ ይሻላል ወይስ ትንሽ ታግሼ ውዱን ልያዝ?» መልሴ አንድ ነው፤ ርካሹን ግዙ። ይህን የምለው ኪሱ ለሳሳ ሰው ማጽናኛ ፍለጋ አይደለም። ጥያቄው ስለ ሰፊ ማዕዘን ሌንስ ወይም ሩቁን ስለሚያቀርብ ቴሌ ቢሆን ኖሮ ምክሬም ሌላ በሆነ ነበር። ከሌንሶች ሁሉ ርካሹና ውዱ በምስል ጥራት በጣም የሚቀራረቡት 50 ሚሊ ላይ ነው።

የዚህ ምክንያቱ ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 በጀርመኑ ካርል ዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፓውል ሩዶልፍ ፕላናር የተባለውን ሌንስ ነደፈ። በዚህ ንድፍ ብርጭቆዎቹ ብርሃን ከሚያስገባው ቀዳዳ፣ ከአፐርቸሩ፣ ፊትና ኋላ ፊት ለፊት ተያይተው ይቆማሉ፤ የፊተኛው ወገን ያጎበጠውን መስመር የኋለኛው ያቃናዋል። የዘመኑ ችግር ብርሃኑ በብርጭቆዎቹ መካከል እየተንጸባረቀ ምስሉን ማደብዘዙ ነበር፤ በ1930ዎቹ ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ ሲመጣ ይህም ተቃለለ። ዛሬ በየሱቁ የምናገኘው ርካሽ 50 ሚሊ የዚያው ንድፍ ዘር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠና የኖረን ነገር በርካሽ መሥራት አይከብድም።

ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። መስታወት ባለው ካሜራ ውስጥ መስታወቱ ብድግ የሚልበት ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ በካነን ኢ ኤፍ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ ድረስ 44 ሚሊ ሜትር ነው። 24 ሚሊ ሌንስ የሚሠራ መሐንዲስ ይህን ርቀት ለመሻገር ተጨማሪ ብርጭቆ መደርደር ግድ ይሆንበታል። 50 ሚሊው ግን ያለ ጣጣ ይገጥማል። ለዚህም ነው በፊልም ዘመን ለብዙ ዓመታት ከካሜራው ጋር አብሮ ይሸጥ የነበረው። በብዛት ተመረተ፤ በብዛት ሲመረት ረከሰ።

አሁን ርካሹንና ውዱን 50 ሚሊ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ካነን መስታወት ለሌላቸው ካሜራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው አር ኤፍ 50 ሚሊ 1.8 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 200 ዶላር ገደማ ነበር፤ 160 ግራም ይመዝናል፤ ውስጡ 6 ብርጭቆ አለ። በ2018 የወጣው ውዱ አር ኤፍ 50 ሚሊ 1.2 ኤል ደግሞ ሲጀምር ወደ 2,300 ዶላር ተሸጠ፤ ክብደቱ 950 ግራም፣ ብርጭቆዎቹ 15 ናቸው። በዋጋ ከአሥራ አንድ እጥፍ በላይ፣ በክብደት ስድስት እጥፍ ማለት ነው።

ውዱ ምንም አይጨምርም ብል እዋሻለሁ። አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ስታነሱ ከመሐል እስከ ጥግ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። ርካሹ በሰፊው አፐርቸሩ፣ በ1.8፣ ጥጉ ይለሰልሳል፤ ነጭ ቬሎ ከጥቁር ሱፍ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይም ሐምራዊ ጥላ ሊያሳይ ይችላል። ውዱ አቧራና የዝናብ ጠብታ እንዳይገባበት ተደርጎ የታሸገ ነው፤ ርካሹ አይደለም። የርካሹ ሞተር ድምፅ አለው፤ ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ያስቸግራል። ነገር ግን ርካሹን ወደ 2.8 ዝጉት፤ የጥጉም የሐምራዊው ጥላም ነገር በእጅጉ ይቀንሳል። በ5.6 ላይ የሁለቱን ፎቶ ያለ ስም አትማችሁ ብታሳዩኝ የቱ ከየትኛው እንደሆነ ለመለየት አልወራረድም።

ታዲያ የዋጋው ልዩነት 2,100 ዶላር በዋነኛነት የሚከፈለው በ1.8 እና በ1.2 መካከል ላለችው ቦታ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 1.2 የሚያስገባው ብርሃን የ1.8ን ሁለት እጥፍ ከሩብ ያህል ነው። አይ ኤስ ኦ 6400 ያስፈልገው የነበረ ፎቶ በ2800 አካባቢ ይነሳል። የዛሬ ካሜራዎች በሁለቱም ቁጥሮች የሚታይ ፎቶ ያወጣሉ። ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ደግሞ ይቀንሳል፤ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ፊት በ1.8 ሲነሳ በግምት አራት ሴንቲ ሜትር ያህሉ ይጠራል፣ በ1.2 ወደ ሦስት ይወርዳል። ሰውየው ፊቱን ትንሽ ዘንበል ካደረገ አንደኛው ዓይን ጠርቶ ሌላው ይፈዛል። ደንበኛ ይህን ጥበብ ነው ብሎ አይቀበላችሁም።

ደግሞ ከበስተኋላ ያለውን ሁሉ ማፍዘዝ ምን ያህል ይጠቅመናል? ጥምቀትን ጃንሜዳ ላይ የሚያነሳ ሰው ዣንጥላውን፣ ታቦቱን የተሸከሙትን ካህናትና የሕዝቡን ብዛት ካደበዘዘ የቀረው ነጠላ የለበሰች ቆንጆ ልጅ ናት፤ እሷን በማንኛውም ቀን በማንኛውም አጥር ሥር ማንሳት ይቻላል። ሠርግ ላይ ቤተሰብ በሦስት ረድፍ ሲቆም ደግሞ አፐርቸሩ 5.6 ወይም 8 ላይ መሆኑ አይቀርም። የሙሽራዋ አያት ከኋላ ረድፍ ፊታቸው ከፈዘዘ የሌንሱን ዋጋ የሚጠይቅ የለም።

ውዱን ሌንስ በእውነት የሚፈልገው ሌላ ሰው ነው። ሌሊት ማኅሌት በጧፍ ብርሃን ለሚያነሳ፣ ፍላሽ ማብራት ለማይፈቀድለት ባለሙያ የ1.8 እና የ1.2 ልዩነት እንጀራው ነው። ካህናቱ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ ሹተሩ 1/60 ላይ ከሆነ እጃቸው ይጎተታል፤ በ1.2 ሹተሩን ወደ 1/125 ማድረስ ይቻላል፤ ያን ጊዜ እንቅስቃሴው ይያዛል። ክረምት ከበጋ ደጅ የሚውል የዜና ፎቶ አንሺም የታሸገ ሌንስ ቢገዛ ገንዘቡን አላባከነም። ለእነዚህ ሰዎች ሌንሱ ወጪውን ይመልሳል፤ ስለዚህ ውድ አይባልም።

ከርካሽና ከውድ በፊት ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ካሜራችሁ ፉል ፍሬም ነው ወይስ ሴንሰሩ ከዚያ ያነሰ ክሮፕ? ስታንዳርድ የሚባለው ሌንስ ርዝመቱ ከሴንሰሩ ሰያፍ ጋር የሚቀራረበው ነው፤ በፉል ፍሬም ሰያፉ 43 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 50 ሚሊ ተስማሚ ነው። በካነን ክሮፕ ላይ ግን ይኸው ሌንስ እንደ 80 ሚሊ ይሆናል። ለፊት ፎቶ ያምራል፤ ሳሎን ውስጥ ቡና ሲፈላ ለማንሳት ግን ጀርባችሁ ግድግዳ እስኪነካ ብታፈገፍጉም ረከቦቱና ሰዎቹ አብረው አይገቡም። ክሮፕ ለያዘ ሰው ስታንዳርዱ 30 ወይም 35 ሚሊ አካባቢ ነው። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ዲ ኤክስ 35 ሚሊ 1.8 ለዚሁ የተሠራ ነው፤ እሱም ሲወጣ ዋጋው ወደ 200 ዶላር ነበር።

እዚህ አገር ደግሞ ዶላሩ በብር ይተረጎማል። የ2,100 ዶላሩ ልዩነት የምንዛሪ ገበያው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ 120 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ዶላር 100 ብርን ሲያልፍ ልዩነቱ ብቻ ከ210 ሺህ ብር በላይ ሆነ፤ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይቆጠር። በዚህ ገንዘብ ፍላሽና ማቆሚያ፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ ፎቶ የሚቀመጥበት ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ይገዛል፤ ተርፎም ላሊበላ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል። ፎቶን ከሌንስ ቀድሞ የሚለውጠው ብርሃኑና የቆማችሁበት ቦታ ነው።

አሁንም ልባችሁ ከውዱ ጋር ከሆነ እኔን አትመኑ፤ ፋይላችሁን ጠይቁ። ካሜራው እያንዳንዱ ፎቶ በስንት አፐርቸር እንደተነሳ መዝግቦ ያስቀምጣል። ያለፈውን ዓመት ፎቶ ክፈቱና ደንበኛ የወሰዳቸውን ወይም እናንተ የምትኮሩባቸውን ብቻ ለዩ። አብዛኞቹ 1.8 ላይ ከሆኑና ብርሃን አንሷችሁ የተበላሹት ከበዙ ውዱን ግዙ፤ ይገባችኋል። አብዛኞቹ 4 እና 5.6 ላይ ከሆኑ ግን ሻጩ የሚያቀርብላችሁ እስካሁን ያልተጠቀማችሁበትን ቁጥር ነው።