ለጦር ሜዳ የተፈቀደ ደም ለበሽተኛ ሲሆን ይደፋል!

ዘረኝነት ዛሬ ጅራፍ ይዞ አይመጣም። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ «ለጤናችሁ ብለን ነው» እያለ ነው የሚመጣው። አላምንም የሚል ካለ እስራኤል ያሉትን ወገኖቻችንን ይጠይቅ።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ዓለም አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳይበርድ፣ ጥር 1988 ዓ.ም. ላይ «ማዓሪቭ» የተባለው የአገሩ ጋዜጣ ጉዱን አፈነዳው። የደም አገልግሎቱ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የሚለግሱትን ደም ለዓመታት እየተቀበለ በድብቅ ሲደፋው ኖሯል! ለጋሾቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ሰጥተው፣ «የሰው ነፍስ አዳንን» ብለው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ደማቸው ግን ቆሻሻ ውስጥ ነው።

10 ሺህ ያህል ሰው ኢየሩሳሌም ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጥቶ ጮኸ። ፖሊስ በውሃና በአስለቃሽ ጭስ ተቀበለው።

ምክንያታቸው ምን ነበር? «ኤችአይቪ ይበዛባቸዋል» ነው። በሉ እንግዲህ እኔም ልጠይቅ! የሚለገስ ደም ይመረመር የለም እንዴ? ምርመራው አንዳንዴ ይስታል ከተባለስ፣ ለጋሹን ሁሉ ስለ ራሱ ኑሮ መጠየቅ ማንን ገደለ? ደግሞስ ሐቀኛ የሕክምና ጥንቃቄ ከሆነ መደበቁ ምን አመጣው? ሐኪም የሚያፍርበት ነገር ሕክምና አይደለም።

ከመጡት መካከል ቫይረሱ የነበረባቸው መኖራቸውን ማንም አልካደም። የዘር አስተሳሰብ ተንኮሉ ግን እዚህ ላይ ነው። የጥቂቱን ነገር ወስዶ በሁሉም ግንባር ላይ ይጽፈዋል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ምን አደረገ ተብሎ አይጠየቅም፤ ከማን ተወለደ ነው ጥያቄው።

ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የፓርላማ አባሏ ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ፓርላማው ውስጥ ደም ልስጥ ብትል አይሆንም ተባለች። ከኢትዮጵያ ስትወጣ የ3 ዓመት ሕፃን ነበረች እኮ! ሕግ ለማውጣት እጇ ይበቃል፤ ደሟ ግን አይበቃም። ወንድሞቿና እህቶቿ በዚያው አገር ጦር ውስጥ ይዘምታሉ። እዚያ ሲፈስ «ንጹሕ አይደለም» ያለው ማን ነው? ደንቡ ኋላ ላይ ተሻሽሏል፤ ያን ያህል ዓመት የተዋረደ ሰው ግን በደንብ ማሻሻያ አይካስም።

እኛስ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች! እነዚህኑ ሰዎች ጎንደር ላይ «ፈላሻ» ብሎ ርስት የነፈጋቸው ማን ነበር? የቀጠቀጡትን ማረሻ፣ የሠሩትን እንስራ እየገዛ፣ «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እያለ የሸሻቸውስ? ፈረንጅ ነው እንዳትሉኝ። የኛው አያቶች ናቸው። ጋዋን አልለበሱም እንጂ ሥራው አንድ ነው፦ የሰውየውን ጉልበት ፈልጎ ሰውየውን መጸየፍ። አገራችን ላይ ማረሻውን፣ እስራኤል ላይ ጠመንጃ ተሸካሚነቱን።

ስለዚህ በእስራኤል የምንጮህ ሁሉ፣ በሠፈራችን «እሱ እኮ ዘሩ...» ብሎ በሹክሹክታ የሚጀምረውንም ሰው ዝም እናሰኘው። ደም ተመርምሮ እንጂ መታወቂያ ታይቶ አይፈረድበትም። ሰውም እንደዚያው!