የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ የተላመደ ሴል
የባክቴሪያ ግድግዳ ስባሪ ደጋግሞ የገጠመው የመከላከያ ሴል ምላሹን ያለዝባል። ተመራማሪው ፖል ቢሰን ይህን በ1946 (እ.ኤ.አ.) በጥንቸሎች አሳየ፤ የታይፎይድ ክትባት ሲደጋገም ትኩሳታቸው ቀነሰ። ማክሮፋጅ የተባለው የመከላከያ ሴል በመጀመሪያው ግጥሚያ ቲኤንኤፍ የተባለውን አቀጣጣይ ፕሮቲን በገፍ ይለቃል። በሁለተኛው የዚህ ፕሮቲን ዘረመል ይታፈናል፤ ባክቴሪያን የሚዋጉ ዘረመሎች ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ይህ እትም በዋናነት የሚያተኩረው በዚህ አስደናቂ ምርጫ ላይ ነው።

ቲኤንኤፍ በድንገት ሲንር የሚደርሰው በአዲስ አበባ የግርሻ ትኩሳት ሕሙማን ላይ ተጠንቷል። ፔኒሲሊን የበሽታውን ባክቴሪያ ሲያፈርስ ብርቱ መንቀጥቀጥና ትኩሳት ይከተላል፤ አንዳንዴም ይገድላል። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ጥናት ይህ የደረሰው ፀረ-ቲኤንኤፍ ቀድሞ ከተሰጣቸው 20 ሕሙማን በ10ሩ፣ ካልተሰጣቸው 29 ደግሞ በ26ቱ ላይ ነበር። መላመድም ዋጋ ያስከፍላል፤ ከከባድ የደም መመረዝ የተረፈ ሕመምተኛ ሴሎቹ ደንዝዘው ለሌላ ኢንፌክሽን ሊጋለጥ ይችላል።