ማግኔትና ጊዜ

ከማግኔት አጠገብ ያደረ የእጅ ሰዓቱን ተዛብቶ ያገኘ ሰው ማግኔት ጊዜን ይለውጣል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የተነካው በሰዓቱ ውስጥ ያለው ረቂቅ የብረት ጥቅል ሽቦ እንጂ ጊዜ ራሱ አይደለምና፣ ዕለትን በ60 ኬክሮስ ከፍለው የቆጠሩ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ልጆች የሆንን እኛ መስፈሪያውን ከሚሰፈረው ልንለይ ይገባናል።



ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚያስረዳው በ1977 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ አጠገብ በሰርን ቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት ነው፤ ሙዎን የተባሉት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ የሆነ ረቂቃን ቅንጣቶች፣ ብርቱ ማግኔት በክብ መንገድ እያዞራቸው ወደ 64 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ቆዩ፤ ይህም መዘግየት በአንስታይን ሕግ ከፍጥነታቸው ብቻ ከተሰላው ጋር ስለ ገጠመ፣ ለማግኔቱ የተረፈ ድርሻ አልተገኘም።

ጊዜን የሚለውጠው ፍጥነትና ስሕበት ነው፤ በስሕበት ልዩነት የተነሣ፣ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው በአምባ ጊዮርጊስ ደጋ የተቀመጠ ሰዓት በምፅዋ የባሕር ዳርቻ ካለው በዓመት 10 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። የጎንደር ተማሪዎች ይህን በገዛ ዓይናቸው ያዩ ዘንድ፣ የሚቻላቸው ሁሉ በዚህ ደጋ ላይ የአቶም ሰዓት እንዲያስተክሉላቸው እለምናለሁ።